እቁብ ደረሰኝ፤ ስልክ ልቀይር ወይስ ባትሪ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፣ ራይድ እሠራለሁ። ስልኬ ሳምሰንግ ኤ34 ነው፣ ከገዛሁት ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል። አሁን ባትሪው ከምሳ ሰዓት አያልፍም። 30 በመቶ እያለ ድንገት ጥፍት ይላል፤ መኪና ውስጥ ሰክቼው እንኳ ይወርዳል። የ50 ሺህ ብር እቁብ ደርሶኛል። ጓደኞቼ 5ጂ ያለው፣ 16 ራም፣ 108 ሜጋፒክሰል፣ ኤአይ ያለው ግዛ ይሉኛል። ባለሙያ ምን ይላል?»

ወንድሜ፣ እንኳን ደረሰህ። መልሱን ሳላንዛዛ ልንገርህ፦ ስልክህ አላረጀም፣ ያረጀው ባትሪው ነው። የመኪናህ ቻርጀርም ተባባሪ ሳይሆን አይቀርም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ ከፍቼ ስልክ ስፈታ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። «ስልኬ አርጅቷል» ብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ ያንኑ ስልክ ይዘው ነው ወደ ቤታቸው የሚመለሱት። አዲስ ስልክ ስለማልሸጥ ይህን ማለት አይከብደኝም። ባትሪ ስለምቀይር ደግሞ «ለራሱ ነው የሚያወራው» ብትለኝ አልቀየምህም።

መጀመሪያ የሚያስቀውን እንጨርስ። ጓደኞችህ ግዛ የሚሉህ 5ጂ ኪስህ ውስጥ ነው ያለው። ኤ34 እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ሲወጣ ሙሉ ስሙ «ጋላክሲ ኤ34 5ጂ» ነበር፤ ካርቶኑን ካልጣልከው አውጥተህ እየው። ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን አዲስ አበባ ላይ በሙከራ የጀመረው ግንቦት 2014 ነው፤ አንተ ስልኩን ስትገዛ ወሬው ገና ትኩስ ነበር ማለት ነው። ለራይድ ግን 5ጂ ምንም አይጨምርልህም። ካርታውና የጉዞ ጥሪው የሚበሉት ዳታ ትንሽ ነው፣ 4ጂ ይበቃል፣ ይተርፋልም። እንዲያውም ከ5ጂ ማማ ራቅ ባለ ሰፈር ስትሆን ስልኩ ደካማ ሲግናል ሲያሳድድና በ4ጂና በ5ጂ መካከል ሲመላለስ ባትሪ ይፈጃል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ፣ ሞባይል ኔትወርክ የሚለውን ከፍተህ፣ ኔትወርክ ሞዱን ከ5ጂ ወደ 4ጂ አውርደው። ዛሬ ማታ አድርገው፣ ነገ ልዩነት ካየህ ትነግረኛለህ። 5ጂ ለመግዛት አስበህ 5ጂ አጥፋ መባልህ ግን እኔንም አስቆኛል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። «30 በመቶ እያለ ድንገት ጥፍት ይላል» ያልካት ቃል ናት በሽታውን የነገረችኝ። የሊቲየም አዮን ባትሪ ሲያረጅ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ የሚይዘው መጠን ይቀንሳል። ሁለተኛው ብዙ አይወራም፣ የውስጥ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልገውም። ሮቶው ውስጥ ውሃ አለ፣ ቧንቧው ግን በዝገት ጠቧል። አንድ ሰው እጁን ሲታጠብ ይወርዳል፤ ሻወሩና የልብስ ማጠቢያው አንድ ላይ ሲከፈቱ ጠብ የሚል ነገር የለም። ስልክህም እንዲሁ ነው። ጂፒኤሱ፣ ስክሪኑ፣ ዳታውና የደንበኛው ጥሪ በአንድ ጊዜ ኃይል ሲጠይቁ የባትሪው ቮልቴጅ ዘጭ ይላል፣ ስልኩም ይጠፋል። የተረፈው ውስጡ አለ፣ መውጫ አጥቶ ነው። ለዚህ ነው መልሰህ ስታበራው 24 ወይም 20 በመቶ ብሎ የሚነሳው።

ይህን ነገር ዓለም በደንብ ያወቀው በአይፎን ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 አፕል ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖችን ድንገት እንዳይጠፉ ብሎ በሶፍትዌር ፍጥነታቸውን እንደሚቀንስ አመነ። ቁጣው ሲበረታ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውን ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደው፤ ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2020 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣችው። ባትሪው ሲቀየር የስልኩ ፍጥነት ይመለስ ነበር። እኔን ያናደደኝ ቅጣቱ ማነሱ አይደለም። ስንቱ ሰው ነው ስልኬ ቀርፋፋ ሆነ ብሎ፣ አርጅቷል ብሎ፣ በአንዲት ባትሪ ምክንያት አዲስ የገዛው?

አንተ ደግሞ የራይድ ሾፌር ነህ። የተለመደ የስልክ ባትሪ ከ500 እስከ 800 ሙሉ ዙር ሞልቶ ከወረደ በኋላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። በቀን አንድ ዙር ብቻ ብትጨርስ በሁለት ዓመት ተኩል ከ900 ያልፋል፤ ቀኑን ሙሉ ካርታ ከፍቶ የሚውል ስልክ ደግሞ በአንድ ዙር አይቆምም። ባትሪህ የሥራ ዘመኑን ጨርሶ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም በትርፍ ሰዓት እያገለገለህ ነው።

በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። ስልክህ የሚቀመጠው ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር እንደሆነ አልጠራጠርም። አዲስ አበባ ብርዳም ናት አትበለኝ፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርዱ ከ50 ዲግሪ ያልፋል፣ አምራቾች ግን ስልክ የሚሠራበት አየር ከ35 ዲግሪ ባይበልጥ ይመርጣሉ። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ መግቢያ አካባቢ ቆመህ ደንበኛ ስትጠብቅ አንተ ጥላ ፍለጋ ትወርዳለህ፣ ስልኩ እዚያው እየተጠበሰ ይቀራል። ለባትሪ ከሁሉ የከፋው ሙሉ ቻርጅና ሙቀት ሲገናኙ ነው፤ መኪና ውስጥ ቻርጀር ላይ የተሰካ ስልክ ሁለቱንም አንድ ላይ ያገኛል። መያዣውን ከመስታወቱ አንስተህ የአየር ማስገቢያው ላይ የሚሰካውን ግዛ። ዋጋው የትም አይደርስም።

ሰክተኸው እንኳ የሚወርድበትን ምክንያት ባለፈው ሳምንት ከመጣ ሌላ ሾፌር ጋር ያየሁትን በመንገር ላስረዳህ። ቻርጀሩ ከሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካ ነው፣ በላዩ በትልቁ «65 ዋት ፈጣን» ተብሎ ተጽፎበታል፣ ሰማያዊ መብራትም ያበራል። እኔ ጋ አንድ ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ አለች፣ በገመዱና በስልኩ መካከል ትገባለች፣ ቮልቱንና አምፔሩን ታሳያለች። ሰካነው። 4.6 ቮልት፣ 0.9 አምፔር። አባዛው፣ ከ4 ዋት ትንሽ ይበልጣል። ስልክ ደግሞ ስክሪኑ በፀሐይ እንዲታይ ደምቆ፣ ጂፒኤስና ዳታ ተከፍቶ እኔ ስለካው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዋት ይጠጣል። ገቢውና ወጪው እኩል ነው እንግዲህ፤ ኮረብታ ላይ ኔትወርክ ደከም ሲል ወጪው ይበልጣል። ሾፌሩ ቻርጀሩን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ «ታዲያ 61 ዋቱ የት ሄደ?» አለ። መብራቱ ውስጥ ነዋ! የአንተ ኤ34 እስከ 25 ዋት መቀበል ይችላል። ባትሪ ሳትቀይር በፊት ቻርጀሩንና ገመዱን ይዘህ የትኛውም ጠጋኝ ጋ አስለካው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የስልኩን መሰኪያ ቀዳዳም በባትሪ መብራት ተመልከተው፤ እናንተ ጋ በበጋ ያለውን አቧራ አውቀዋለሁ፣ ከኪስ ክር ጋር ተጋግሮ ገመዱ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያደርጋል። በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብለህ፣ ስልኩን አጥፍተህ አውጣው። በመርፌ እንዳትነካው።

ስለ ወሬው ደግሞ ትንሽ ልናገር፣ ሆዴ ውስጥ ስለከረመ። የስልክ ዜና የሚባለው ነገር የሚጻፈው በየዓመቱ ስልክ ለሚቀይር ሰው ነው። እኛ ስልክ የምንገዛው በእቁብ ነው፣ ከገዛነው በኋላ ለወንድም ይተላለፋል፣ ከወንድም ለእናት፣ እናት ጋ ሆኖ የቤተ ክርስቲያን መዝሙርና የኢሞ ጥሪ ሲያስተናግድ ያረጃል። እ.ኤ.አ. በ2025 ትልቁ ጩኸት ስለ ቀጭን ስልክ ነበር። ሳምሰንግ 5.8 ሚሊሜትር የሆነ ኤስ25 ኤጅ አወጣ፣ አፕል ደግሞ 5.6 ሚሊሜትር የሆነ አይፎን ኤር። የኤስ25 ኤጅ ባትሪ 3,900 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። የአንተ አሮጌ የምትለው ኤ34 ሲወለድ 5,000 ነበረው! ባትሪ ቀንሰው፣ ካሜራ ቀንሰው፣ ዋጋ ጨምረው «ቀጭን ነው» ሲሉ በየቪዲዮው የሚያጨበጭበው ሰው መብራት ሄዶበት የሚያውቅ አይመስለኝም። ቀጭን ስልክ ደግሞ እዚህ አገር ገና ሱቅ ሳይወጣ ወፍራም ከቨር ይለብሳል።

ራም ስልኩ የከፈትካቸውን አፖች ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ ነው፤ 16 ራም የሚሉህ ግን 8 ሲደመር 8 ነው። ካርቶኑን ገልብጠህ በትንሹ የተጻፈውን አንብብ። ሁለተኛው 8 ራም አይደለም፣ ፎቶህ ከሚቀመጥበት ማከማቻ ተቆርሶ በራም ስም የተጠራ ነው፣ ፍጥነቱም ከእውነተኛው ራም በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ሳሎኑ ጠቦህ ጓሮ ላይ ፍራሽ ብታነጥፍ ቤቴ ባለ ሁለት መኝታ ሆነ አትልም። የአንተም ስልክ ይህ ነገር አለው፣ «ራም ፕላስ» ይሉታል፤ ሳምሰንግ ቢያንስ ስሙን ለይቶ ይጠራዋል።

108 ሜጋፒክሰሉማ ይብሳል። ካሜራው ዘጠኝ ፒክሰሎችን አንድ እያደረገ 12 ሜጋፒክሰል ፎቶ ነው የሚሰጥህ። ያንተ 48 ሜጋፒክሰል አራቱን አንድ ያደርግና 12 ይሰጥሃል። አስራ ሁለት ለአስራ ሁለት! በዚያ ላይ የአንተ ሌንስ እጅህ ሲንቀጠቀጥ የሚያረጋጋ ኦአይኤስ አለው፣ በዋጋ ዝቅ ያሉት ባለ 108ቶች ላይ ብዙ ጊዜ አታገኘውም።

ኤአይ ያለው የሚለውን በተመለከተ፣ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤአይ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2024 ከኤስ24 ጋር ሲያመጣው ጥሪ ይተረጉማል ተብሎ ነበር የተነገረው፤ ከሚተረጉማቸው ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ አልነበረም። የአፕሉም አማርኛ አይችልም። ሾፌር የሚጠቅመው ኤአይ አፍ አውጥተህ በአማርኛ ስትናገር የሚጽፍልህ ነው፣ እሱን ደግሞ ጉግል እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 አማርኛን በድምፅ መጻፊያው ውስጥ ሲጨምር ሰጥቶሃል። ጂቦርድ የሚባለውን ኪቦርድ ጫን፣ አማርኛን ምረጥ፣ ማይኩን ንካ። «መጣሁ፣ በር ላይ ነኝ» በለው። በነፃ ነው፣ የተወሰነ ቃል ይስታል፣ ግን ይሠራል።

(ስለ ስማርት ሰዓት ጠይቀኸኝ አይደለም፤ ግን የእቁብ ብር ሲገኝ እሱም ስለሚከተል ልንገርህ። አንድ ጊዜ የደም ግፊት ይለካል የተባለ ርካሽ ሰዓት ገዝቼ ነበር። ጥርጣሬ ገባኝና ሙዝ ላይ አሰርኩት። ሙዙ የልብ ምት 76፣ ግፊቱም የወጣት ሆኖ ተገኘ።)

ለእኛ ትልቅ የነበረውን የ2025 ዜና ግን ማንም አልጮኸለትም። ከጁን 20 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ገበያ አዲስ የሚቀርብ ስልክ ባትሪው 800 ዙር ሞልቶ ከወረደ በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ እንዲይዝ፣ መለዋወጫውም የሞዴሉ ሽያጭ ካቆመ በኋላ ለ7 ዓመት እንዲገኝ የሚያስገድድ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ የነሱ ነው፣ ግን ፋብሪካው ለአውሮፓ አንድ ዓይነት፣ ለአፍሪካ ሌላ ዓይነት ባትሪ መሥራት ሁልጊዜ አያዋጣውም፤ በዚያ በኩል ለእኛም ጥቂት ይንጠባጠባል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሌላው እውነተኛ ዜና የሲሊከን ካርቦን ባትሪ ነው። ቻይኖቹ በዚህ ስልኩን ሳያወፍሩ ወደ 6,000፣ 7,000፣ «ኦነር ፓወር» በተባለው ስልክ ደግሞ 8,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ደርሰዋል። አንድ ቀን ስልክ ትገዛለህ፣ ያኔ የምታየው ይህንን ነው። ዛሬ ግን ዋጋው ላይ ነው ነገሩ፤ ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ ስልክ ደግሞ የዶላር ዕቃ ነው። ያን ጊዜ ኤ34 የገዛህበት ብር ዛሬ ኤ34ን የሚያህል አይገዛም። በ50 ሺህህ ከያዝከው ብዙም የማይሻል፣ ምናልባትም በስክሪኑና በማከማቻው ፍጥነት የሚያንስ ስልክ ይዘህ ልትመለስ ትችላለህ።

ስለዚህ ባትሪውን ቀይር። ጥቂት ሺህ ብር ነው፣ የእቁብህን አሥራት አይሞላም። ግን የምትቀይርበትን ቦታ እየመረጥክ። የኤ34 ጀርባ በማጣበቂያ ነው የታሸገው፤ ጠጋኙ በሙቀት አለስልሶ፣ በስስ ፕላስቲክ ዙሪያውን እየፈለቀቀ ነው የሚከፍተው። እኔ ከሲም ካርድ የተረፈውን ፕላስቲክ እጠቀማለሁ፣ ከብረት ይሻላል። ባትሪውንም ሲያወጣ በብረት የሚጎለጉል ካየህ ስልክህን ተቀብለህ ሂድ፤ ባትሪ ከተበሳ እሳት ነው። ስልክህ ሲሠራ ውሃ የሚከላከል ነበር፣ አይፒ67። አንዴ ከተከፈተ በኋላ አዲስ ማጣበቂያ በዙሪያው በሥርዓት ካልተደረገለት ያ መከላከያ የለም፤ ከተደረገለትም እንደ ፋብሪካው ነው ብዬ አልምልልህም። ክረምት ላይ በዝናብ አውጥተህ ካርታ አትመልከት። ባትሪው ላይ 6,500 ምናምን ተብሎ የተጻፈበት ከመጣልህ ደግሞ አትቀበል፤ በዚያው መጠን፣ በዚያው ክብደት ከፋብሪካው 5,000 የሚበልጥ ነገር መርካቶ ውስጥ የፈጠረ ሰው ካለ ሽልማት ይገባዋል። 5,000 የሚለውን፣ ሲነካም ከበድ የሚለውን ውሰድ።

ከተቀየረ በኋላ ሴቲንግ ውስጥ የባትሪ መጠበቂያውን አብራ። እንደ ሶፍትዌርህ ዕድሜ 80 ወይም 85 በመቶ ላይ ቻርጁን ያቆምልሃል። ለራይድ አይበቃኝም ካልክ ሥራ በሚበዛበት ቀን አጥፋው፣ ማታ ቤት ግን አብርተህ ሰክተህ ተኛ። ሳምሰንግ ለኤ34 የአምስት ዓመት የደኅንነት ዝማኔ ነው ቃል የገባው፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2028 ማለት ነው፤ ቴሌብርና የባንክ አፖችህ እስከዚያ ስጋት የለባቸውም።

ይህን ሁሉ ሰምተህ «የለም፣ አዲስ ነው የምፈልገው» ካልክ ደግሞ ብሩ የራስህ ነው። አንድ ነገር ብቻ። ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የመጣ አንድ ልጅ ኤስ24 አልትራ፣ 512 ጂቢ፣ «ከውጭ የመጣ» ተብሎ በሚያስጎመጅ ዋጋ ገዝቶ አመጣልኝ፤ ፎቶዎቹ እየጠፉበት ነው። መደወያው ላይ *#0*# ጻፍኩ። የሳምሰንግ ስልክ ከሆነ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ የሚል የመፈተሻ ገጽ ይከፈታል። ምንም አልተከፈተም። ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን አፕ ስጭንበት ማቀነባበሪያው የዓመታት አሮጌ ሆኖ ተገኘ፣ 512 የተባለውም 32 ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር በሶፍትዌር የተቀባ ነው። 32ቱ ሲሞላ አዲሱ ፎቶ በአሮጌው ላይ ይጻፋል፣ የእህቱ ሠርግ እንዲያ ነው የጠፋው። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ይቺን ቁጥር ሻጩ ፊት ደውላት፣ ፊቱንም አብረህ እየው።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርግልኝ። ከቨሩን አውልቅና ስልኩን ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኛው። የሚሽከረከር ከሆነ፣ ወይም በጎን በኩል ጀርባው ከፍሬሙ ትንሽ ከተላቀቀ፣ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2016 ኖት 7ን ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰብስቦ የመለሰው በባትሪ እሳት ምክንያት ነው፣ ስለዚህ እንዳትቀልድበት። አትጫነው፣ አትሰካው፣ ትራስህ ሥር አታድርገው፣ አጥፍተህ ይዘኸው ና። አሮጌውን ባትሪም ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አትጣለው፣ እኔ ጋ ተወው። ካላበጠ አትጣደፍ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ እኛ ብሎክ መብራት ይሄዳል፣ ያለ መብራት ደግሞ ማጣበቂያውን አላሞቀውም። ቻርጀሩንና ገመዱን እንዳትረሳ።